በ35 ዓመቴ ያነበብኩት የልጆች መጽሐፍ



በየተራ አንድ ያነበብነውን መጽሐፍ ጽፈን እንድናመጣ ተስማምተን ነበር። የእኔ ተራ ሲደርስ ብዙዎቻችሁ ገድል ወይም የስብከት መጽሐፍ ትጠብቁ ይሆናል። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት የልጆች ተረት ነው፤ ያውም የፈረንጅ። እባካችሁ አትሳቁ፤ ብትስቁም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

መጽሐፉ እጄ የገባው እንዲህ ነው። እዚህ ኦብሑር የምሠራበት ቤት የ11 ዓመት ልጅ አለች። ትምህርት ቤቷ በእንግሊዝኛ አንብቢ ብሎ ያዘዛትን መጽሐፍ አልጋ ሥር ወርውራው ሳጸዳ አገኘሁት። «አንቺ አንብቢውና ንገሪኝ» አለችኝ በዓረብኛ። ቀልዷን ነበር፤ እኔ ግን የምሬን ያዝኩት። እንግሊዝኛዬ የአሥረኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን የስልኬ መዝገበ ቃላት ሞላልኝ፤ እሱም ሲያቅተው ልጅቷ በዓረብኛ ታስረዳኝ ነበር። ማታ ካውያው በኋላ አምስት ገጽ፣ ሲበዛ ስምንት። መጽሐፉ 17 ምዕራፍ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ከረመዳን በፊት ጀምሬ ከዒድ በኋላ ነው የጨረስኩት። በረመዳን ሌሊቱ የሥራ መሆኑን ታውቁታላችሁ።

መጽሐፉ ምንድን ነው?

ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አንበሳው፣ ጠንቋይቱና ቁም ሣጥኑ» ማለት ነው። የጻፈው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ይባላል፤ በ1898 እ.ኤ.አ. ቤልፋስት ተወልዶ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። በወጣትነቱ እግዚአብሔር የለም ይል ነበር፤ ከ30 ዓመቱ በኋላ ወደ እምነት ተመለሰ። መጽሐፉ የወጣው በ1950 እ.ኤ.አ. ሲሆን እስከ 1956 ድረስ ስድስት ተከታዮች ወጥተውለታል። በ2005 ደግሞ ፊልም ሆኗል፤ ምናልባት አንዳንዶቻችሁ ከምታሳድጓቸው ልጆች ጋር አይታችሁት ይሆናል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። አራት ወንድማማቾችና እህትማማቾች፣ ፒተር፣ ሱዛን፣ ኤድመንድና ሉሲ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ድብደባ ሽሽት ከለንደን ወጥተው ገጠር አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቤት ይላካሉ። ይህ የፈጠራ አይደለም። በመስከረም 1939 በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ከከተሞች ወደ ገጠር ተልከዋል። ሉዊስም ቤቱ እንደዚህ ያሉ ልጆች ተቀብሎ ነበር። ታዲያ ትንሿ ሉሲ ድብብቆሽ ስትጫወት ቁም ሣጥን ውስጥ ትገባለች፤ ካፖርቱን እየገፋች ወደ ውስጥ ስትሄድ በረዶ ረገጠች። ሌላ አገር ገባች፤ ናርንያ ይባላል። አገሩን አንዲት ጠንቋይ ይዛዋለች፤ ክረምቱ አያልቅም፣ ገናም አይመጣም።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። እኛ ያለንበት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በጋው አያልቅም፣ ገናም አይመጣም። ታኅሣሥ 29 ለእኛ እንደማንኛውም ቀን መጥረጊያ ይዘን የምንውልበት ነው። ሰውዬው አንድ አገር ሐዘን ላይ መሆኑን ለልጅ ሲያስረዳ፣ ስለ እስር ቤትና ስለ ወታደር ከማውራቱ በፊት በዓል የማይመጣበት አገር ነው አለ። ይህን የጻፈ ሰው የናፍቆትን ነገር ያውቃል ብዬ ማንበቤን ቀጠልኩ።

ጠንቋይ ያለበት መጽሐፍ ይነበባል ወይ?

አንዳንዶቻችሁ ይህን እንደምትጠይቁ አውቃለሁ፤ እኔም ጠይቄያለሁ። ሥዕሉን ሳይማ ይባስ ደነገጥኩ። ሉሲ መጀመሪያ የምታገኘው ተምነስ የሚባል፣ ከወገቡ በታች ፍየል፣ ራሱ ላይ ቀንድ ያለው ፍጡር ነው። እኛ ቤት ይህን የምናውቀው በቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ከእግሩ ሥር ተረግጦ ነው! በኋላ ግን ከጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ተረት የተወሰደ መሆኑን ተረዳሁ። ይህ ፍጡር ጠንቋይቱ የሰው ልጅ እንዲያስይዝላት የቀጠረችው ነው፤ ሉሲንም ሻይ ጋብዞ ሊያስተኛት ካለ በኋላ ሕሊናው አልፈቅድ ብሎት አልቅሶ ይሸኛታል። በዚህም ምክንያት ተይዞ ድንጋይ ይሆናል።

መጽሐፉ ጥንቆላን አያስተምርም፤ ጠንቋይቱ ጠላት ናት፣ መጨረሻዋም ሽንፈት ነው። የእኛስ እናቶች «ተረት ተረት» ብለው «የላም በረት» ስንል ሲጀምሩ ጅብ ያወራ አልነበር? ጦጣ ዳኛ አልሆነችም? አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለልጆች ሲተርኩ እንስሳ አወራ ብሎ የከሰሳቸው የለም። ጥያቄው ተረቱ ልጁን ወደ ምን ይመራዋል የሚለው ነው።

ሐልቁሙ

አሁን ወደ ከበደኝ ክፍል ልምጣ። ሁለተኛው ወንድ ልጅ ኤድመንድ ለብቻው ናርንያ ሲገባ ጠንቋይቱን ያገኛታል። ምን ትወዳለህ ስትለው እዚህ ጅዳ ሱቅ ውስጥ «ሐልቁም» የሚሉትን፣ ስኳር የተነሰነሰበትን ለስላሳ ጣፋጭ ይጠይቃታል። መጽሐፉ ሲወጣ በእንግሊዝ አገር ጣፋጭ ገና በራሽን ነበር፤ ራሽኑ የተነሣው በ1953 ነው። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ልጆች ይህን ሲያነቡ ምራቃቸውን ይውጡ እንደነበር አስቡት። ጣፋጩ አስማት አለበት፤ የቀመሰው ሁሉ ሌላ ሌላ ይላል። ጠንቋይቱም ወንድምህንና እህቶችህን ብታመጣልኝ ተጨማሪ እሰጥሃለሁ፣ ንጉሥም አደርግሃለሁ ትለዋለች። ልጁ በኋላ ቤቷ ድረስ ሲሄድ የሚቀርብለት ደረቅ ዳቦና ውሃ ነው።

መጀመሪያ ሳነበው «ደላላው ይኼው!» አልኩ። ሁላችሁም እንደዚያ ትላላችሁ። ግን ደግሜ ሳነብ ነገሩ ሌላ ሆነብኝ። ኤድመንድ ተርቦ አልነበረም። ከእኛ አገር የምትወጣ ልጅ ግን ለጣፋጭ ብላ አይደለም የምትወጣው፤ የአባቷ መሬት ለአምስት ልጅ ስለማይበቃ ነው። እሷን ኤድመንድ ማለት በደል ነው። ታዲያ ኤድመንድ ማን ነው? ጣፋጩን ቀምሶ ዝም ያለው፣ ጠንቋይቱ ጥሩ እንዳልሆነች ውስጡ እያወቀ እህቶቹን ሊጠራ የሄደው ነው።

እኔ ነኝ ማለት ነው እኮ። መርሳ ያለችው ታናሽ እህቴ 19 ዓመቷ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የላክሁላት ፎቶ ሁሉ ባሕሩ ዳር ቆሜ፣ ወይም በሰው መኪና ተደግፌ የተነሣሁት ነው። ክፍሌን አንድ ቀን አላሳየኋትም፤ የሚተኮሰውን የልብስ ክምርም አላሳየኋትም። ለምን? አባቴ እንዳያዝን፣ ጎረቤት እንዳይስቅ ብዬ። በዚህ ዓመት እህቴ ደወለችና በኦቦክ አድርጎ በየመን የሚያሻግር ሰው አግኝቻለሁ፣ ገንዘቡን አንቺ ላኪ አለችኝ። የዚያን መንገድ ነገር እዚህ ያለን ሰዎች እናውቀዋለን፤ በባሕር የመጡት ከመካከላችን አሉ፣ ተሳፍረው ያልደረሱትንም እናውቃለን። እኔ ደላላውን ረገምኩት። መጽሐፉን ሳነብ ግን ደላላው ሥራ እንዳልበዛበት ገባኝ። ግማሹን ሥራ በፎቶ የሠራሁለት እኔ ነበርኩ።

ሉዊስን የምተቸው አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ጣፋጩን አስማት ያለበት ማድረግ አላስፈለገውም ነበር። አስማት ሲኖርበት ልጁ በግማሽ ነፃ ይሆናል፤ «ምን ያድርግ፣ ተደግሞበት ነው» እንላለን። ሰውን ለማሳት አስማት አያስፈልግም፤ ደስ የሚለውን አሳይቶ የሚያሳዝነውን መደበቅ ይበቃል።

የሦስቱ ሠራተኞች ስም

ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ፕሮፌሰሩ ወይዘሮ ማክሪዲ የምትባል የቤት አስተዳዳሪና ሦስት ሠራተኞች አሉት ይላል። ሠራተኞቹ አይቪ፣ ማርጋሬትና ቤቲ ይባላሉ። ደራሲው ስማቸውን ይነግረንና በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙም ቦታ የላቸውም ብሎ ያልፋል። እውነቱን ነው፣ ተመልሰው አይመጡም።

የቤቱ ልጅ ብትሆን ይህን አታየውም። እኔ ግን አየሁት። ቀጥሎ ደግሞ ቁም ሣጥኑ ያለበትን ክፍል ሲገልጽ ባዶ ነው፣ መስኮቱ ላይ የሞተ ዝንብ ብቻ አለ ይላል። እኔ «ዛሬ ማን ሳያጸዳው ቀረ? ቤቲ ናት ወይስ አይቪ?» ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ወይዘሮ ማክሪዲም ልጆች የምትጠላ ተደርጋ ነው የተሣለችው። ጥፋቷ ምንድን ነው? ቤቱ ታሪካዊ ነውና እንግዶች ሊያዩት ሲመጡ ታስጎበኛለች፤ ልጆቹን በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ አትቁሙብኝ አለቻቸው። ሥራዋ ነዋ! ከእሷ ሲሸሹ ነው አራቱም ቁም ሣጥኑ ውስጥ የገቡት። ያለ እሷ ታሪኩ ባልሆነ ነበር፤ ግን ማንም አያመሰግናትም።

ይህን የምለው ደራሲውን ልከስስ አይደለም። ቢያንስ ስማቸውን ጽፎታል። ከመካከላችን የገዛ ስማቸው ለአፍ አይመችም ተብሎ ሌላ ስም የወጣላቸው እህቶች አሉ። ሦስት ስም መጻፉ ጥሩ ነው፤ ግን ስም ጠርቶ ማለፍና ሰውን ማየት የተለያዩ ናቸው። መጽሐፉ ለትንንሾች ይቆረቆራል፤ ለአይጦች እንኳ ቦታ ሰጥቷል፤ በገዛ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሦስት ሴቶች ግን ረሳ። እኛም በማኅበራችን ስሟን ጠርተን «በዚህ ታሪክ ብዙም የለችበትም» ብለን ያለፍናት እህት እንዳለች እናስብ።

አንበሳው

የናርንያ እውነተኛ ንጉሥ አስላን የሚባል አንበሳ ነው፤ በቱርክኛም «አስላን» አንበሳ ማለት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን አንበሳ ብርቃችን አይደለም። «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው፤ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ላይም 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ከጻድቁ ጋር ቆመው አይተናል። በተረታችን ግን አንበሳ የሚፈራ ጌታ ነው፤ ብልጥ እንስሳ ይሸነግለዋል እንጂ ሌላው ተሳስቶ እሱ ሲሞትለት አልሰማሁም። ይህ አንበሳ በከዳው ልጅ ፈንታ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል። ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ታስሮ፣ ተዋርዶ በድንጋይ ገበታ ላይ ይገደላል፤ ሲነጋም ይነሣል።

ነገሩ ለማን እንደሚመስል መናገር አያስፈልገኝም። ሉዊስ ራሱ ግን እያንዳንዱን ነገር በአንድ በአንድ የሚተካ ምሳሌ አልጻፍኩም ብሏል፤ እንዲህ ያለ ሌላ ዓለም ቢኖር ጌታ እዚያ በምን መልክ ይመጣ ነበር ብሎ ነው ያሰበው። ስለዚህ እያንዳንዱን እንስሳ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ጋር ለማጣመር አትድከሙ። ተረቱ ተረት ሆኖ ነው የሚሠራው።

ሁለት ነገር ግን አይለፋችሁ። አንደኛው፣ አንበሳው ወደ ሞቱ ሲሄድ ሌሊቱን የተከተሉት፣ ያለቀሱለትም ሁለቱ ሴቶች ልጆች፣ ሱዛንና ሉሲ ናቸው፤ ወንዶቹ ተኝተዋል። መነሣቱንም መጀመሪያ ያዩት እነሱ ናቸው። ገመዱን ያኘኩለት ትንንሽ አይጦች ናቸው። ሁለተኛው፣ ኤድመንድ ተይዞ ከነበረበት ከዳነ በኋላ አስላን ለብቻው ወስዶ ያነጋግረዋል። የተባባሉትን ማንም አልሰማም፤ ደራሲውም አይነግረንም። ከዚያ ለወንድምና እህቶቹ መልሶ ይሰጣቸውና ያለፈውን አንሥታችሁ አታውሩበት ይላቸዋል።

እስቲ እኛን እንይ። ከቤት ጠፍታ የወጣች እህት ስትመጣ፣ ልጅ ይዛ የመጣች ስትመጣ፣ «ምን ሆና ነው? ማን ነው አባቱ?» ብለን ቡና እስኪፈላ እንኳ አንታገሥም። መጽሐፉ ያስተማረኝ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ምሕረት የሚመስለው የሰውየውን ምሥጢር ለሌላ አለማውራትን ነው።

ሰዓቱ

መጨረሻው ላይ ልጆቹ ነግሠው ብዙ ዓመት ይኖራሉ፤ አድገው ጎልማሳ ይሆናሉ። አንድ ቀን ሳያስቡት በቁም ሣጥኑ ወጥተው ሲመለሱ ግን የገቡበት ሰዓት ነው፤ አንድ ደቂቃ አላለፈም፣ እንደገና ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት፤ ተናድጄ። እኛም በአንድ በር ገብተን ሌላ አገር ደርሰናል፤ የእኛ በር ግን ሰዓቱን አያቆምም። ልጄን ትቻት ስወጣ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን 11 ዓመቷ ነው፣ ልክ እንደዚችኛዋ ልጅ። ሁለት ጊዜ ለፈቃድ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ጫማ አሳንሼ ነው የገዛሁላት። ሉዊስ እዚህ ላይ ለልጆች ደግ ሆነ፤ ለእኛ ግን ዋሸ።

ቆይቼ ግን መጽሐፉን ከፍቼ መጀመሪያ የዘለልኩትን መታሰቢያ አነበብኩ። መጽሐፉን የሰጠው ለክርስትና ልጁ ለሉሲ ባርፊልድ ነው። እዚያ ላይ ለአንቺ ብዬ ጀመርኩት፣ ግን ልጆች ከመጽሐፍ ይልቅ ፈጥነው እንደሚያድጉ አላሰብኩም፤ ታትሞ እስኪወጣ ለተረት ትልቅ ሆነሻል፤ አንድ ቀን ደግሞ ተረት ለማንበብ እስክትበቂ ታድጊያለሽ የሚል ሐሳብ ጽፎላታል። ከመጨረሻው ምዕራፍ ይልቅ እውነቱ እዚህ ነው ያለው። ጊዜው ማለፉን አምኗል። ስጦታው ዘግይቶ መድረሱን አምኗል፤ ያም ሆኖ ስጦታውን አልተወውም።

ሌላ የምተቸው

ከስብስቡ ውስጥ በ1954 የወጣውን «ፈረሱና ልጁ» የሚለውንም ጀምሬ ጨረስኩ። እዚያ ከበረሃ ማዶ ያለ፣ ጥምጥም የሚጠመጥም፣ ባሪያ የሚገዛ ሕዝብ አለ፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ክፉ ተደርገው ቀርበዋል። እኛ ከበረሃ ሰዎች ጋር እንጀራ የምንበላ ነን። ክፉውንም አይተናል፤ ስታመም ሌሊት ሐኪም ቤት ይዛኝ የሮጠችውን የቤቱን አያትም አይቻለሁ። ሕዝብን በጅምላ የሚስል ብዕር ሲያጋጥማችሁ፣ የወደዳችሁት ደራሲ ቢሆንም አትመኑት።

የምወዳትን ደግሞ ሳልነግራችሁ አላልፍም፦ ወይዘሮ ቢቨር። ጠንቋይቱ ልትይዛቸው እየመጣች ሁሉም ሲጣደፉ፣ እሷ ረጋ ብላ ሻይ፣ ስኳርና ዳቦ ትቋጥራለች፤ የልብስ ስፌት መኪናዬን ጥዬ አልሄድም ብላም ትከራከራለች። በሻንጣ ኪሎ የተከራከረ ሁሉ ይህችን ሴት ያውቃታል።

ለማጠቃለል፣ መጽሐፉን አንብቡት። ቋንቋው ቀላል ነው፤ እንግሊዝኛ ለመለማመድም ይጠቅማል። ከምታሳድጓቸው ልጆች ጋር ማንበብም ይቻላል፤ እኔና ልጅቷ እንዲያ ነው የተግባባነው። አሁን ለልጄ በስልክ በየዓርቡ አንድ ምዕራፍ በአማርኛ እተርክላታለሁ፤ አራተኛው ላይ ደርሰናል።

እህቴንስ? የክፍሌን ፎቶ ላክሁላት። የካውያውን ክምርም ጨምሬ። የደላላውን ገንዘብ እንደማልልክ፣ እዚያው ሙያ ብትማር ግን ክፍያውን እንደምችል ጻፍኩላት። ተቆጥታ ሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሣችም። በጸሎታችሁ አስቡን።

ለውይይት

1. ወደ ቤተሰብ በምንልከው ፎቶና ወሬ ውስጥ የምንደብቀው ምንድን ነው? የምንደብቀውስ ለማን ብለን ነው?

2. አስላን ስለ ኤድመንድ ያለፈ ነገር አታውሩ ማለቱ ትክክል ነው? የተበደሉት መናገር አይገባቸውም ነበር?

3. አይቪ፣ ማርጋሬትና ቤቲ በታሪኩ ውስጥ ቦታ ቢሰጣቸው ምን የሚያደርጉ ይመስላችኋል?

እግዚአብሔር ለሚቀጥለው ዓርብ በሰላም ያድርሰን።